ከጉድጓዱ ያልመጣው መልስ

ባሻ ዘርአ ዳዊት ከመሪጌታ ወልደተንሣኤ ግቢ ሲደርስ በረዶው ገና አልሟሟም ነበር። የአንኮበር ተዳፋት ነጭ ለብሷል፤ በቅሎው በረገጠች ቁጥር ከኮቴዋ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከጥዱ ዛፍ ሥር የተሰበሰበው ሰው ገለል ሲልለት ቁርበት ላይ የተጋደመውን ሬሳ አየ። ሸማኔው ገብረአብ ነበር። ልብሱ ደረቅ ነው፣ ፊቱም ቀላ ብሏል፤ ጠጅ ጠጥቶ ያንቀላፋ ሰው ይመስላል። ቁስል የለውም፣ ሰንበርም የለውም።

ባሻ ዳኛ ነውና በአገሩ የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ይህን ሰው ግን ሊያውቀው ከሚፈልገው በላይ ያውቀዋል። ጎንበስ ብሎ ዐይኑን ሲከድንለት በመጀመሪያ የተሰማው ኀዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ወዲያው በራሱ አፈረና ቀና አለ።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ኮርቻ ሠሪው ይርጋለም። ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ነጥቷል። «በረዶው ሲያባራ መጥቼ ብጠራው ዝም አለኝ። የጉድጓዱን ክዳን አንሥቼ ገመድ ወገቤ ላይ አሥሬ ወረድኩ። እታች ስደርስ ራሴ ዞረ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። እሱን አሥሬ እስካስወጣው ድረስ እኔም ልቀር ነበር፤ ጎትተው ነው ያወጡኝ።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ገብረ ጻድቅ ጎራዴውን እንደታጠቀ ሰዉን ገፍቶ መጣ። «እዚህ ምን የሚመረመር ነገር አለ? መርዝ ነው! ቅሉ ይኸውና! ከጎኑ ነው የተገኘው። ይሄ ነጋዴ የሰጠው ብርዝ ነው!»

ነጋዴው የአልዩ አምባው ያሕያ ነው። እጁን በገዛ ጥምጣሙ የኋሊት አሥረውታል።

«ትናንት በሰው ፊት ‹ጉድጓዱ ይብላህ!› ብሎ ረግሞታል» አለ ገብረ ጻድቅ። «ሁላችንም ሰምተናል። ደሜን ስጡኝ!»

ባሻ ቅሉን ተቀብሎ ነቀነቀው። ግማሽ ያህል ቀርቷል። አሸተተው፤ ሰዉን ዞር ዞር ብሎ አየና አንስቶ ጭልጥ አደረገው። አንዲት ሴት ጮኸች። እሱ ጢሙን ጠረገ።

«ዝንጅብሉ በዝቷል» አለ። «ነገ ጧት በሕይወት ካገኛችሁኝ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።»

«እስከ መቼ ነው የምንፈልገው?»

«እስከ ነገ። ነገ አውጫጭኝ ነው። ደብሩ በሙሉ እዚህ ግቢ ይሰበሰባል፤ ገዳዩ ተለይቶ ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም።»

«ካልታወቀስ?»

ባሻ ያሕያን አየው። ነጋዴው ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ዱዓ እያደረገ ነው። «ካልታወቀ ሕዝቡ የሚጠረጥረው እሱን ነውና ትወስደዋለህ» አለ ባሻ።

አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ፍርድ ዳግመኛ አልናገርም ሲል የኖረ ሰው ነው።

በዚያ ዓመት፣ በ፲፰፻፸፱ መስከረም፣ አንኮበር አኩርፋ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ ግብር የለ፣ እምቢልታ የለ፤ ሰዉ እርስ በርሱ ከመተያየት በቀር ሥራ አጥቶ ነበር። ኢየሩሳሌም ደርሰው የተመለሱት መሪጌታ ታዲያ ለደመራ ዋዜማ አንድ ነገር አሰቡ። ንግሥት ዕሌኒ መስቀሉን ስትፈልግ፣ ሽማግሌው ኪራኮስ የተቀበረበትን አልናገርም ብሎ በደረቅ ጉድጓድ ሲጣልና በመጨረሻ ሲናገር፣ ይህን ሁሉ በዜማና በከበሮ ሰዎች ሆነው ያሳያሉ። ዛሬ ቢሆን ቴአትር ይባላል። ያን ጊዜ ስም ስላልነበረው አንኮበሬ «የመሪጌታ ጉድ» ብሎ ሰየመው። ካህናቱ አጉረመረሙ፤ አጉረምርመውም ልምምዱን በአጥር ቀዳዳ ያዩ ነበር።

ከተጫዋቾቹ አንድም ለዘፈን የተፈጠረ ሰው አልነበረም። ሸማኔው ገብረአብ ኪራኮስ ነው። ኮርቻ ሠሪው ይርጋለም ከበሮ ይመታል። ጥጥ ፈትላ የምታድረው አልታየች ዕሌኒ ናት። ያሕያ ለንግሥቲቱ መጎናጸፊያ የሚሆን ሐር አውሷቸዋል። ጉድጓዱ ደግሞ የመሪጌታ የድሮ እህል ጉድጓድ ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ ባዶውን፣ ዝናብ ሲመጣ ብቻ እየተከደነ፣ ሲናፈስ ከርሟል። ሰዉን ያሳበደው እሱ ነበር። ገብረአብ ከምድር ሥር ሆኖ ሲያዜም ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ የሰማ ሁሉ ፀጉሩ ይቆማል።

ባሻ የሚነድ ጧፍ በክር አሥሮ ወደ ጉድጓዱ አወረደ። ነበልባሉ ከጉድጓዱ አጋማሽ ሲደርስ አነሰ፤ ሊያርፍ ሲል ድርግም አለ። በሌላ ጧፍ ከላይ ብርሃን አበርቶ ወደ ታች ተመለከተ። የጉድጓዱ ወለል ደረቅ ነው። መሐሉ ላይ አመድ የሞላበት ሰፊ ገል ተቀምጧል።

ከዚያ ክዳኑን አየ። በጭቃና በእበት የተመረገ የቀርከሃ ክዳን ነው፤ ይርጋለም ሲወርድ አንሥቶ ወደ ታችኛው በኩል ወርውሮታል። ልምምድ ሲሆን የሚቀመጥበት ቦታ ግን ከላይ፣ በስተግራ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ክብ ሠርቷል። ባሻ ተንበርክኮ ያንን ክብ በመዳፉ ዳበሰው። ብዙ ቆየበት። ሲነሣ ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነበረ።

መጀመሪያ ያስጠራው መሪጌታን ነው።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቤት ውስጥ፣ ከይርጋለም ጋር። የከበሮው ጠፍር ላልቶ እያጠበቅን። አልታየችና ገብረአብ እላይና እታች ሆነው ጥያቄና መልሱን ይለማመዱ ነበር። ዕሌኒ ‹ወዴት ነው ስፍራው?› ትላለች፤ ኪራኮስ ይመልሳል።»

«መለሰ?»

«መጀመሪያ መለሰ። ያውም ያልጻፍኩትን! ይህ ሰው እኮ ሁልጊዜ ግጥሜን እያበላሸ...» መሪጌታ የሚያወሩት ስለ ሙት መሆኑ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ምን ብሎ መለሰ?»

«አላስታውስም።»

«ድጓውን በቃልዎ የያዙ ሰው ሁለት ስንኝ ጠፋዎት?»

መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው በለሆሳስ አዜሙት።

«እኔ የቀበርኩት እንጨት አይደለም፤
በሐሰት መስክሬ የንጹሕ ሰው ደም።»

ባሻ ድንገት ተነሥቶ ወደ በሩ ዞረ። ከውጭ ጉሙ እንደገና እየወረደ ነበር። መሪጌታ ጀርባውን እያዩ ማውራት ቀጠሉ፤ የልባቸውን ለማውጣት የቸኮሉ ይመስላሉ።

«በረዶው ሲጀምር ላወጣው አስቤ ነበር፣ ባሻ። እውነቴን ነው። ግን ከኢየሩሳሌም ያመጣሁትን ካባ ለብሼ ነበር... እንዳይበላሽ ብዬ ተውኩ። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው በረዶ ምን ያደርገዋል አልኩ። ለጨርቅ ብዬ ሰው ገደልኩ።»

«እርስዎ አልገደሉም» አለ ባሻ። «ይሂዱ። ይርጋለምን ይላኩልኝ።»

ይርጋለም ገብቶ ሳይጠየቅ ተንበረከከ።

«ፍሙን ያወረድኩት እኔ ነኝ! ብርድ ገባኝ ሲል በገል አወረድኩለት። ሁልጊዜ እናወርድለታለን፣ አፉ ክፍት ስለሆነ ምንም አይለውም። ማን ይከድነዋል ብዬ ላስብ?»

«ለምን ቅድም አልነገርከኝም?»

«ስለምቀናበት።» ይርጋለም ራሱን ቀና አላደረገም። «ኪራኮስን እኔ መሆን እፈልግ ነበር። ስንት ጊዜ ‹ምነው ጉሮሮው በተዘጋ› ብያለሁ። አሁን ፍሙን አንተ ነህ ያወረድከው ቢባል ማን ያምነኛል?»

«እኔ አምንሃለሁ። አሁን ደግሞ የሰማኸውን ንገረኝ። እሱ ያንን ካለ በኋላ ምን ሆነ?»

«ትንሽ ጸጥ አለ። ሁለቱም ቀስ ብለው የሚነጋገሩ መሰለኝ፤ ቃሉ አይሰማም። ከዚያ እመት አልታየች ‹ወዴት ነው ስፍራው?› አለች። መልስ የለም። ደገመች። የለም። ሦስተኛም አለች። እኔና መሪጌታ ተያይተን ሳቅን፣ ዛሬም ጠፋበት ብለን። ሳቅን፣ ጌታዬ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በረዶው መጣ። እሷም ሮጣ ገባች።»

ያሕያን ሲያመጡት ባሻ አስቀድሞ እጁን ፈታለት።

«ሐሩን በጭቃ አበላሽቶብኝ ነው የረገምኩት» አለ ነጋዴው አንጓውን እያሸ። «ወላሂ፣ ምላሴ ነው እንጂ ልቤ የለበትም። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ዛሬ ብርዝ አስበጥብጬ ይቅርታ ልጠይቀው መጣሁ። በገመድ ሳወርድለት ከታች ሆኖ ‹ሐርህን አጥብልሃለሁ፣ ሚስትህ አስመሰልከው እኮ!› ብሎ ሳቀብኝ። አላህ ይርሐመው። እርግማኔ ነው የበላው።»

«ከዚያ የት ሄድክ?»

«በግቢው በር ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ዜማውን አዳምጥ ነበር።»

«ወደ ጉድጓዱ የሄደ ሰው አየህ?»

«ጉም ነበር፣ ጌታዬ፤ እጄንም አላይ። ግን በአጠገቤ ሳያልፍ ማንም አይገባም፣ ማንም አልገባም። በረዶው ሲጀምር እመት አልታየች ከጉድጓዱ በኩል እየሮጠች በአጠገቤ አለፈች። ሌላ ሰው የለም።»

አልታየችን የመጨረሻ አደረጋት። ለምን እንደሆነ ራሱ ያውቃል።

ከሰባት ዓመት በፊት የደብሩ የብር ጽና፣ የዕጣን ማጠኛው፣ ጠፍቶ ነበር። አንድ ሰው በምስጢር ወደ ባሻ መጥቶ «ስሜ አይነሣብኝ እንጂ የአልታየች ባል ገብረ ሕይወት ይዞት ሲወጣ አይቻለሁ» አለው። ምስክሩ እሱ ብቻ ነበር። ፍትሐ ነገሥቱ ሁለት ወይም ሦስት ይላል፤ ባሻ ግን ጌታው ለዘመቻ ሲነሣ አብሮ ለመሄድ ቸኩሎ ነበርና በአንዱ ፈረደ። ገብረ ሕይወት በሰንሰለት ታስሮ ቆላ ወረደ፤ በሦስተኛው ወር በንዳድ ሞተ። በሁለተኛው ዓመት የደብሩ ጣሪያ ሲታደስ ጽናው ከሣሩ ክዳን ውስጥ ወደቀ። ባሻ ለቄሰ ገበዙ «ከሌሎቹ ጋር መልሰው ይስቀሉት» አላቸው፤ እሳቸውም ሰቅለው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ባሻና በምስጢር የመሰከረው ሰው። ምስክሩም ይኸው ዛሬ በቁርበት ላይ ተጋድሟል።

«እኔ ስሮጥ ጉድጓዱ ክፍት ነበር» አለች አልታየች። ቀጭን ረጅም ሴት ናት፤ ጥቁሯን ከሰባት ዓመት ወዲህ አላወለቀችም። «በረዶው ራሴን ሲመታኝ ሮጥኩ። ከዚያ ማን እንደከደነው አላውቅም። ለበረዶው ብሎ የከደነ ይኖራል።»

«ሦስት ጊዜ ለምን ጠየቅሽው?»

«ስላልመለሰ ነዋ።»

«ምን ሆኖ ነው ብለሽ አልጎበኘሽውም?»

«ባሻ» አለች፣ «በመንገድ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። አሁንም እያዩ ያሉት ወለሉን ነው። ለምንድነው?»

ባሻ ቀና ሊል ሞከረ፤ አልቻለም። «ሂጂ» አላት።

በማግስቱ ጧት በእግሩ ወደ ግቢው ሲሄድ ልቡ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ገዳዩን አውቋል። ዝም ቢል ያሕያ ይሞታል፤ ገብረአብም ምስጢሩን ይዞ ሞቷልና ባሻ እስከ ዕለተ ሞቱ የተከበረ ዳኛ ሆኖ ይኖራል። ቢናገር አልታየችን አንድ ጊዜ ባሏን እንደነጠቃት አሁን ደግሞ ነፍሷን ሊነጥቃት ነው። ሦስተኛም መንገድ ነበረ።

ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ሕዝቡን አስምለው ሲያበቁ ባሻ ከመቀመጫው ሆኖ፣ «ነገ ሊታይ የታሰበው ጨዋታ ዛሬ ይታያል» አለ።

«በወንድሜ ሬሳ ላይ ልትጨፍሩ ነው?» ብሎ ገብረ ጻድቅ ተነሣ።

«በሕግ አምላክ! ቁጭ በል። ወንድምህን ማን እንደገደለው ከዚህ የበለጠ የሚናገር የለም።»

ክዳኑ ከቢጫው ክብ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ይርጋለም የኪራኮስን ቦታ ይዞ ከጉድጓዱ አፍ ተንበረከከ፤ እንዲወርድ ማንም አልጠየቀውም። መሪጌታ ካባቸውን ለብሰው መቋሚያቸውን አነሡና በሚንቀጠቀጥ ድምፅ መግቢያውን ጀመሩ። በሁለተኛው ስንኝ መንቀጥቀጡ ጠፋ። ከበሮው በሌላ ሰው እጅ ገባ። ሕዝቡ ለፍርድ መምጣቱን ረስቶ አንገቱን ይወዘውዝ ጀመር፤ ከኋላ አንዲት ሴት አምልጧት እልል አለች። መሪጌታ ለሁለት ወር የደከሙበት ጨዋታ ሰው ፊት የቀረበው ያን ቀን ብቻ ነው፣ ያውም እስከ ግማሹ።

አልታየች ጭቃው ያልለቀቀውን ሐር ደርባ ቆመች። «ወዴት ነው ስፍራው?» ብላ አዜመች። ድምፅዋ ግቢውን ሞላው።

ይርጋለም የተጻፈውን መለሰ።

«ቆይ» አለ ባሻ። «ትናንት የተመለሰው ይህ አይደለም። መሪጌታ፣ የሰሙትን ይበሉት።»

መሪጌታ አሉት። ‹በሐሰት መስክሬ የንጹሕ ሰው ደም› የሚለው ሲያልቅ ከበሮው በራሱ ጊዜ ቆመ።

«አሁን ሁለተኛውን ጠይቂ» አላት ባሻ።

አልታየች በመጠየቅ ፈንታ ዞራ ክዳኑን አየች።

ባሻ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። «ብርዙ መርዝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የእኔንም ለቅሶ ትደርሱ ነበር። ይርጋለም ከብርዙ ጠብታ ሳይቀምስ እታች ሲደርስ ለምን ራሱን ሊስት ቀረበ? የገደለው አየሩ ነው። ጧፌ ወለሉ ጋ ሲደርስ ጠፋ። በተዘጋ ቤት የከሰል ፍም ምን እንደሚያደርግ እናቶች ሁሉ ታውቃላችሁ። ፍሙን ይርጋለም በደግነት ነው ያወረደው፤ አፉ ክፍት እስከሆነ አይጎዳም። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው። ክዳኑን የከደነው ማን ነው?»

«ለበረዶው የከደነ ሰው ይኖራል!» አለ አንድ ድምፅ።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር።» ባሻ ክዳኑን ገፍቶ ቢጫውን ክብ አሳየ። «ኑ፣ ሽማግሌዎች፣ እዚህ ዳብሱ። መሬቱ በሙሉ በበረዶ ተበሳስቷል። በረዶው ሲወርድ ክዳኑ እዚህ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ያለው መሬት ልሙጥ ይሆን ነበር። የጉድጓዱ ወለልና የሟቹ ልብስ ደግሞ ጠብታ አልነካቸውም። ስለዚህ አንዲት በረዶ ሳትወድቅ ክዳኑ ከዚህ ተነሥቶ አፉ ላይ ነበር። ያሕያ በሩ ላይ ነው፤ በአጠገቡ የገባ የለም ብሏል፤ እሱ ራሱ ገዳይ ቢሆን ይህ ቃል አይጠቅመውም ነበር፣ ‹ሰው አይቻለሁ› ባለ ነበር። መሪጌታና ይርጋለም ቤት ውስጥ አብረው ናቸው። በረዶው እስኪጀምር ጉድጓዱ አጠገብ የነበረች አንዲት ሰው ብቻ ናት። እሷም ‹ስሮጥ ክፍት ነበር› አለችኝ።»

ሕዝቡ ወደ አልታየች ዞረ።

«ሦስቱ ጥያቄዎች ያልተመለሱት ኪራኮስ ቃሉ ጠፍቶበት አይደለም» አለ ባሻ፣ ድምፁ እየቀነሰ። «ጉድጓዱ ተከድኖ ነው።»

አልታየች ሐሩን ከትከሻዋ አውርዳ አጣጥፋ መሬት ላይ አኖረችው።

«ሁለት ወር ሙሉ ‹ተናገር፣ ወዴት ነው› ስለው ከረምኩ» አለች። «እኔ ስለ መስቀሉ ነበር የምጠይቀው። እሱ ግን እየባሰበት፣ እየባሰበት መጣ። ትናንት ያንን መለሰልኝ። ‹ምንድነው የምትለው?› ብዬ ጎንበስ አልኩ። ‹ጽናውን ሣሩ ውስጥ የሸጎጥኩት እኔ ነኝ፣ ለድንበራችን ጠብ ብዬ፤ እንዲያሥሩት ነበር እንጂ እንዲሞት አልነበረም› አለኝ። ማልቀስ ጀመረ። ያንን ልቅሶ ላለመስማት ክዳኑን ጎተትኩ። ይኸው ነው። እንዳልሰማው ብዬ ነው።»

«ፍሙ እንዳለ አታውቂም ነበር?» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ አላውቅም እንድትል የለመኗት ይመስላሉ።

«አውቅ ነበር» አለች። «ሦስት ጊዜ ‹ወዴት ነው› ያልኩት፣ አሁን አነሣዋለሁ፣ አሁን አነሣዋለሁ እያልኩ ነው። ከዚያ በረዶው መጣልኝ። ቤት ገብቼ ከነሱ ጋር ቁጭ አልኩ። በረዶው ጣሪያውን ሲመታ ቆጠርኩት። አልተነሣሁም።»

ገብረ ጻድቅ ጎራዴውን መዘዘ። ሊገላግለው የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም፤ ደሙ ነው፣ መብቱ ነው።

ባሻ በመሐል ገባ። የዳኝነት ካባውን አውልቆ መቀመጫው ላይ ጣለና ነጠላውን እንደ ተከሳሽ አደግድጎ ተከሳሽ ከሚቆምበት ቦታ ሄዶ ቆመ።

«ገብረ ጻድቅ፣ የወንድምህ ደም ያለው በእሷ ላይ ነው። የባሏ ደም ግን በወንድምህና በእኔ ላይ ነው። ወንድምህ በሐሰት መሰከረ፤ እኔ ሕጉ ሁለት ምስክር እያለኝ በአንዱ ፈረድኩ፣ ያውም ተደብቆ በመጣ። ጽናው ከጣሪያው በወደቀ ቀን ንጹሕ ሰው መግደሌን አወቅሁ። አምስት ዓመት ደበቅሁት። ያን ጊዜ ተናግሬ ቢሆን ወንድምህ በአደባባይ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፣ እሷም ክዳን አትጎትትም ነበር። ወንድምህ ዕዳውን ከፍሏል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ጎራዴህን ከመዘዝክ እኔንም ቁጠር።»

ገብረ ጻድቅ ጎራዴውን እንደያዘ ብዙ ቆመ። ወንድሙን አንድ ጊዜ ሌላ ሰው አድርጎ ሊያየው የሚሞክር ይመስል ነበር። በመጨረሻ፣ «ወንድሜ ይህን አድርጓል?» ብሎ የጠየቀው ባሻን ሳይሆን አልታየችን ነበር።

«ከአፉ ነው የሰማሁት» አለችው።

ጎራዴውን ወደ አፎቱ መለሰና ፊቱን ሸፍኖ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ረጅም ተመካከሩ። ዳኛ የተከሰሰበትን እነሱ ሊዳኙት አይችሉም፤ ነገሩ ወደ ላይኛው ችሎት ወደ ደብረ ብርሃን እንዲወጣ ወሰኑ። ገብረ ጻድቅ የደሙን ክስ ይዞ ይከተላል። አልታየች ደግሞ የባሏን ደም ከሳሽ ናትና እንደ ልማዱ ከተከሳሿ ጋር ቁራኛ ትሆናለች። አንዱ ሽማግሌ የባሻን ነጠላ ጫፍ ከአልታየች ጥቁር ነጠላ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት። ያሕያ ለመንገዱ በቅሎውን ሰጠ፤ ሁለቱም አልተቀመጡባትም።

ዳገቱን ሲወጡ ቋጠሮው አንዱ ሲቀድም ሌላውን ይስበዋል። ብዙ መንገድ ሄደው፣ «ባሻ» አለችው።

«አቤት።»

«ሰባት ዓመት እውነቱን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ከእርስዎ አፍ አንድ ቀን ቀድሞ መጥቶ ቢሆን እኔ ሰው አልገድልም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ማለት ቀላል ነው» አለች። «ይቅር ብዬዎታለሁ» ግን አላለችም።

ደብረ ብርሃን የደረሱት በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። የደመራው ችቦ በየደጁ ቆሟል። የችሎቱ አጋፋሪ ባሻን ከሩቅ አውቆት እጅ ነሣ፤ ለሃያ ዓመት ተከሳሾቹን ቁራኛ አስይዞ እየነዳ በዚህ በር ሲገባ ያውቀዋል። አልታየችን ከእግር እስከ ራስዋ ገላመጣት።

«እንደምን ሰነበቱ ባሻ? ይህቺ ደግሞ ምን አጥፍታ ነው የሚያመጧት?»

ባሻ ዘርአ ዳዊት በዚያን ጊዜ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ።

«ከሳሼ ናት» አለው። «መጀመሪያ እሷን አስገባ።»

አጋፋሪው አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየና በሩን ከፈተ።